ነፋሱ የሚዞርበት ሰዓት፦ በዋሽንግተን አካባቢ የፀደይን ነጎድጓድና ተከትሎት የሚመጣውን ቅዝቃዜ ከትንበያ አንብቦ የመዘጋጃ መመሪያ

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂንያ የሚኖር ሰው በየዓመቱ በኤፕሪልና በሜይ ወራት ደጋግሞ የሚያየው የአየር ጠባይ አለ። ሁለት ሦስት ቀን ከደቡብ በሚነፍስ ነፋስ ሙቀቱ እስከ 80 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም እስከ 27 ዲግሪ ሴልሺየስ ያሻቅባል፤ ወበቁም ልብስን ከሰውነት ያጣብቃል። ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰማዩ በምዕራብ በኩል ይጠቁርና መብረቅ፣ ዶፍ ዝናብ፣ አንዳንድ ጊዜም በረዶ ይወርዳል። በማግስቱ ሰማዩ ጥርት ብሎ ፀሐይ ስትወጣ ብዙ ሰው ሙቀቱ የቀጠለ መስሎት በሸሚዝ ወጥቶ ሲንቀጠቀጥ ይውላል። ትንበያው ይህን ሁሉ «ነጎድጓድ፣ ቀጥሎም ቀዝቀዝ ያሉ ቀናት» ብሎ በአንድ መስመር ይጨርሰዋል፤ አድማጩም አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያውን ግማሽ ይዞ ሁለተኛውን ይዘነጋዋል።

የዚህ መመሪያ ዓላማ ያንን አንድ መስመር ወደ ሰዓት ሰሌዳ መለወጥ ነው። በእኔ አስተያየት ከትንበያው ውስጥ መፈለግ ያለበት ዋና ነገር የዝናቡ መቶኛም ሆነ በስልክ ላይ የምትታየው የደመና ሥዕል ሳይሆን፣ ነፋሱ ከደቡብ መንፈሱን ትቶ ከሰሜን ምዕራብ መንፈስ የሚጀምርበት ሰዓት ነው። ያ ሰዓት ከታወቀ ነጎድጓዱ መቼ እንደሚደርስ፣ ብርዱ መቼ እንደሚጀምርና በመካከላቸው ምን መሠራት እንዳለበት በአብዛኛው ይታወቃል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሳ። ብዙዎቻችን ፀደይ የምንለው መስከረም ላይ አበባ የሚፈነዳበትን ጊዜ ነው፤ በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ግን ያ መፀው ሲሆን፣ ፀደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ጊዜ ነው። በአጋጣሚ ይህ የአሜሪካው ፀደይ ከሚውልባቸው ወራት ጋር ይገጥማልና በዚህ ጽሑፍ ፀደይ ስል በአሜሪካም በቤተ ክርስቲያንም አቆጣጠር ልክ ነኝ።

አንደኛ፦ ምን እየመጣ እንደሆነ መረዳት

ነጎድጓዱንና ቅዝቃዜውን የሚያመጣቸው አንድ ነገር ነው፤ እርሱም ኮልድ ፍሮንት የሚባለው፣ ከካናዳ በኩል የሚወርድ ቀዝቃዛና ደረቅ አየር ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤና ከአትላንቲክ ከሚመጣው ሞቃትና እርጥብ አየር ጋር የሚገናኝበት ድንበር ነው። ቀዝቃዛው አየር ከባድ ስለሆነ ከሥር እየገባ ሞቃቱን አየር ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ወደ ላይ የተገፋው አየርም ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው እርጥበት ደመና ይሆናል፣ ደመናውም ከፍ እያለ ሲሄድ ነጎድጓድ ይወልዳል። ድንበሩ አልፎ ሲሄድ ነፋሱ ዞሮ ከሰሜን ምዕራብ ይነፍሳል፣ እርጥበቱ ይቀንሳል፣ የሙቀት መለኪያውም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ 15 ወይም 20 ዲግሪ ፋራናይት ሊያሽቆለቁል ይችላል።

አልፎ አልፎ ግን ድንበሩ በተለመደው መንገድ ከምዕራብ ሳይሆን ከሰሜን ምሥራቅ ይመጣል። ይህን የአሜሪካ ባለሙያዎች የጓሮ በር ፍሮንት ይሉታል። በዚህ ጊዜ ከአትላንቲክ የሚነፍሰው ቀዝቃዛ እርጥብ አየር በአፓላቺያን ተራሮች ምሥራቃዊ ግርጌ ተከማችቶ ስለሚቀር ጥርት ያለ ሰማይ አይጠበቅም፤ ይልቁንም ጉምና ካፊያ የተቀላቀለበት፣ አንዳንዴ ለቀናት የሚቆይ ብርድ ይሆናል። ስለዚህ «ቀዝቀዝ ያሉ ቀናት» የሚለው ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ሊያመለክት ይችላል፤ የትኛው እንደሆነ የሚነግረን የነፋሱ አቅጣጫ ነው። ሰሜን ምዕራብ ከሆነ ደረቅና ፀሐያማ ብርድ ነው፤ ምሥራቅ ወይም ሰሜን ምሥራቅ ከሆነ ጃንጥላም ጃኬትም ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፦ ትንበያውን ከትክክለኛው ቦታ ማግኘት

በስልክ ላይ አስቀድሞ ተጭኖ የሚመጣው የአየር ሁኔታ አፕ ለዕለታዊ ኑሮ ይጠቅማል፤ ለነጎድጓድ ቀን ግን አይበቃም። የዚህን አካባቢ ትንበያ የሚያወጣው በስተርሊንግ፣ ቨርጂንያ፣ በደለስ አየር ማረፊያ አጠገብ የሚገኘው የብሔራዊ የአየር ሁኔታ አገልግሎት ቢሮ ነው። ዌዘር ዶት ገቭ የሚለውን ድረ ገጽ ከፍተው የቤትዎን ዚፕ ኮድ ሲያስገቡ የዚህን ቢሮ ትንበያ በነፃ ያገኛሉ። ከገጹ ዝቅ ብለው የሰዓት በሰዓት ግራፍ የሚለውን ይክፈቱ፤ ለዚህ መመሪያ ዋናው መሣሪያ እርሱ ነው። እንግሊዝኛቸው ጠንከር ያለ ደግሞ ትንበያውን የሠሩት ባለሙያዎች ራሳቸው በቀን ብዙ ጊዜ የሚጽፉትን ማብራሪያ ቢያነቡ፣ ባለሙያዎቹ በምን እርግጠኛ እንደሆኑና በምን እንደሚጠራጠሩ ከዚያ ያገኛሉ።

ሦስተኛ፦ ነፋሱ የሚዞርበትን ሰዓት ማግኘት

የሰዓት በሰዓቱ ግራፍ ሙቀትን፣ የጤዛ ነጥብን፣ የነፋስ ፍጥነትና አቅጣጫን፣ የዝናብ ዕድልንና የነጎድጓድ ዕድልን በመስመር ያሳያል። በመጀመሪያ የነፋሱን አቅጣጫ ይከተሉ። ለምሳሌ ከጠዋት ጀምሮ ደቡብ ወይም ደቡብ ምዕራብ ሲል ቆይቶ 6 ፒኤም ላይ ምዕራብ፣ 8 ፒኤም ላይ ሰሜን ምዕራብ ካለ፣ ድንበሩ የሚያልፈው በእነዚህ ሁለት ሰዓቶች መካከል ነው ማለት ነው። ነጎድጓዱ አብዛኛውን ጊዜ ከድንበሩ ጋር ወይም ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ቀድሞ ይመጣል።

እዚህ ላይ በብዙ ቤት የሚፈጠር ስሕተት አለ። ትንበያው 4 ፒኤም ሲል በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ነው፤ ለእናት ወይም ለአባት «በአራት ሰዓት ይዘንባል» ብሎ ነግሮ መውጣት ጠዋቱን በከንቱ ሲጠብቁ ቆይተው ልክ ነጎድጓዱ ሲደርስ ወደ ገበያ እንዲወጡ ያደርጋል። ሰዓቱን በየትኛው አቆጣጠር እንደሚናገሩ አስቀድመው ይስማሙ።

ቀጥሎ የጤዛ ነጥቡን ይመልከቱ። ይህ አየሩ ስንት እርጥበት እንደያዘ የሚያሳይ ቁጥር ሲሆን፣ ከአንጻራዊ እርጥበት መቶኛ ይልቅ ብዙ ይናገራል። በፀደይ 60 ዲግሪ ፋራናይትና ከዚያ በላይ ከደረሰ ወበቁ ይሰማል፣ ለነጎድጓዱም ነዳጅ አለ ማለት ነው። ነፋሱ ከዞረ በኋላ ይህ መስመር ቁልቁል ወርዶ ወደ 30ዎቹ ሲገባ ካዩ፣ የሚመጣው ሌሊት ለአትክልትም ለሰውም ብርቱ ነው።

በመጨረሻ የሙቀቱን መስመር ይከተሉ፤ በዚህ ጉዳይ የዕለቱ ከፍተኛ ሙቀት ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር ብዙ ሰው ያታልላል። ድንበሩ ሌሊት ካለፈ የማግስቱ ከፍተኛ ሙቀት 64 ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፤ ነገር ግን ያ 64 የተመዘገበው ከእኩለ ሌሊት ትንሽ አለፍ ብሎ ሁሉም ሰው ተኝቶ ሳለ ሊሆን ይችላል። ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ 48፣ ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ ደግሞ 52 ይሆናል። ስለዚህ ልብስ የሚመረጠው ከዕለቱ ከፍተኛ ቁጥር ሳይሆን ከሚወጡበትና ከሚመለሱበት ሰዓት ቁጥር ነው። ፋራናይት ለሚያስቸግራቸው ዘመዶች፣ ከቁጥሩ 30 ቀንሶ ለሁለት ማካፈል ወደ ሴልሺየስ ያቀርባል፤ 50 ፋራናይት በዚህ ስሌት 10 ይሆናል፣ እርሱም ልክ ነው።

አራተኛ፦ የአደጋውን ደረጃ ማንበብ

በኖርማን፣ ኦክላሆማ የሚገኘው የማዕበል ትንበያ ማዕከል በየቀኑ የመላ አገሪቱን ካርታ በአምስት ደረጃ ቀለም ቀብቶ ያወጣል። አንደኛው ማርጂናል ጥቁር አረንጓዴ፣ ሁለተኛው ስላይት ቢጫ፣ ሦስተኛው ኤንሃንስድ ብርቱካናማ፣ አራተኛው ሞደሬት ቀይ፣ አምስተኛው ሃይ ሐምራዊ ነው። ፈካ ያለው አረንጓዴ ከአምስቱ ውጭ ሲሆን ተራ ነጎድጓድን ብቻ ያመለክታል። ስሞቹን ግን በቃል ትርጉማቸው መውሰድ አይገባም። ስላይት ማለት «ጥቂት» ነው ብሎ መናቅ ስሕተት ነው፤ እዚህም እዚያም ጉዳት የሚያደርስ ነጎድጓድ ይጠበቃል ማለት ነው። ሞደሬት ደግሞ «መካከለኛ» ቢመስልም በዚህ አካባቢ አልፎ አልፎ ብቻ የሚታይ ከባድ ደረጃ ነው። ከስሙ ይልቅ ከአምስቱ ስንተኛ እንደሆነ ይያዙ።

ነጎድጓድ በአሜሪካ አሠራር ኃይለኛ የሚባለው ነፋሱ በሰዓት 58 ማይል፣ ማለትም 93 ኪሎ ሜትር ያህል ሲደርስ፣ ወይም የሚጥለው የበረዶ እንክብል ስፋቱ አንድ ኢንች ሲሆን፣ ወይም ቶርኔዶ የሚባለውን የሚሽከረከር አውሎ ነፋስ ሲያስከትል ነው። በረዶ ስል ከሰማይ እየተንኳኳ የሚወርደውን ነው፤ አማርኛችን ይህንንም የክረምቱን ስኖውም በአንድ ቃል ስለሚጠራ፣ በኤፕሪል መጨረሻ «በረዶ ይጥላል» ብለው ሲነግሩ ሰሚው አካፋ ሊፈልግ ይነሣል።

ከዚህ ቀጥሎ ዋችና ዋርኒንግ የሚሉትን ሁለት ቃላት መለየት የግድ ነው። ዋች ማለት አደጋው ሊፈጠር የሚችልበት ሁኔታ ተሟልቷል፣ ተዘጋጁ ማለት ሲሆን፣ ብዙ ካውንቲዎችን ሸፍኖ ለበርካታ ሰዓታት ይቆያል። ዋርኒንግ ግን አደጋው በራዳር ወይም በዓይን ታይቷል፣ አሁኑኑ ተጠለሉ ማለት ነው፤ የሚሸፍነው ቦታ ጠባብ ነው፣ የሚቆየውም በአብዛኛው ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። በንፅፅር ብንናገር፣ ዋች ሊጡ ተቦክቷል ማለት ነው፤ ዋርኒንግ ደግሞ እንጀራው ምጣድ ላይ ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ደግሞ ስልክ ለእያንዳንዱ የነጎድጓድ ዋርኒንግ የማይጮኽ መሆኑ ነው። ለቶርኔዶ ዋርኒንግ ይጮኻል፤ ለነጎድጓድ ግን ነፋሱ 80 ማይል ወይም በረዶው 2.75 ኢንች ይደርሳል ተብሎ በከፍተኛው እርከን ሲመደብ ብቻ ነው። በ65 ማይል ነፋስ ዛፍ መኪና ላይ ሲወድቅ ስልኩ ዝም ሊል ይችላልና «ስልኬ አልጮኸም» ማለት ዋስትና አይደለም። በባትሪ የሚሠራ የአየር ሁኔታ ሬዲዮ ገዝቶ በ162.550 ሜጋኸርዝ ላይ ማድረግ ይህን ክፍተት ይሞላል። መልእክቱ በአማርኛ ስለማይመጣም፣ እንግሊዝኛ ለማያነቡ አዛውንቶች ያ ድምፅ ሲሰማ ምን ማድረግ እንዳለባቸው አስቀድሞ ማሳየት ያስፈልጋል።

አምስተኛ፦ በዕለቱ ጠዋት የሚሠራው

ዋች ከመውጣቱ በፊት ጠዋት ላይ የሚሠራው ሥራ ብዙም አይደለም። በረንዳ ላይ ያለውን ወንበር፣ ጃንጥላና የአበባ ማሰሮ ወደ ውስጥ ያስገቡ፤ ስልኮችን ይሙሉ፤ በቤቱ ጣሪያ ያለው አሸንዳ በቅጠል እንዳልተደፈነ ይመልከቱ። ቤዝመንት ያለው ሰው ውኃ የሚገፋው ፓምፕ መሥራቱን አንድ ባልዲ ውኃ አፍስሶ ይፈትሽ፤ መብራት ሲጠፋ በኤሌክትሪክ ብቻ የሚሠራ ፓምፕ ተጠባባቂ ባትሪ ከሌለው እንደሚቆምም ያስታውስ።

ታክሲ፣ ኡበር ወይም ሊፍት ለሚነዱ ወገኖች ግን ይህ ክፍል ሰፋ ማለት አለበት። በረዶ መኪና ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት የሚሸፍነው ኮምፕረሄንሲቭ የሚባለው የኢንሹራንስ ዓይነት ነው፤ ላያቢሊቲ ብቻ የገዛ ሰው ከኪሱ ይከፍላል። ዋች በወጣበት ከሰዓት በኋላ በፓርኪንግ ሕንፃ ውስጥ መቆም ወይም ሥራውን ነፋሱ ከመዞሩ በፊት ማጠናቀቅ የሚያዋጣው ለዚህ ነው። ነጎድጓዱ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሚጓዝ ራዳሩን ማየት ይረዳል፤ በምዕራብ ካለችው የቨርጂንያ ከተማ ከዊንቸስተር እስከ ዲሲ በቀጥታ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነውና በሰዓት 65 ኪሎ ሜትር የሚገሠግሥ የነጎድጓድ መስመር ዊንቸስተር ላይ ከታየ፣ ከተማው ለመድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይወስድበታል። ከደለስ እንግዳ የሚቀበልም ቢሆን፣ መብረቅ አየር ማረፊያው አጠገብ ሲኖር የሜዳው ሠራተኞች ወደ ውስጥ እንደሚገቡ፣ ያረፈ አውሮፕላን እንኳ ሰውም ሻንጣም ሳያወርድ ሊቆይ እንደሚችል አስቦ ከቤቱ ዘግይቶ ቢወጣ ይሻለዋል።

ስድስተኛ፦ ነጎድጓዱ ሲደርስ

የነጎድጓድ ድምፅ ከተሰማ መብረቁ ሊደርስብዎት በሚችልበት ርቀት ላይ ነዎት፤ ዝናብ አለመጀመሩ ምንም አያረጋግጥም። ብልጭታው ከታየ ጀምሮ ድምፁ እስኪሰማ ድረስ ቢቆጥሩ ሦስት ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ቆጠራው ግን ለማወቅ ያህል እንጂ ውጭ ለመቆየት ፈቃድ አይደለም። ወደ ቤት ወይም ጣሪያው ብረት ወደ ሆነ መኪና ይግቡ። መኪና የሚከላከለው ጎማው ላስቲክ ስለሆነ አይደለም፤ የብረት አካሉ ኤሌክትሪኩን በውጭ በኩል ወደ መሬት ስለሚያሳልፈው ነው። ዛፍ ሥር መጠለል፣ ቤት ውስጥም ሆኖ ገላ መታጠብና ዕቃ ማጠብ አይገባም፤ መብረቅ በውኃ ቧንቧ ሊጓዝ ይችላልና። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አይውጡ።

የቶርኔዶ ዋርኒንግ ከመጣ ወደ ቤዝመንት፣ ቤዝመንት ከሌለ ወደ ታችኛው ፎቅ፣ መስኮት ወደሌለው መካከለኛ ክፍል ይሂዱ። በዚህ አካባቢ ቶርኔዶ የለም የሚል ሰው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 28 ቀን 2002 ላ ፕላታ የተባለችውን የደቡብ ሜሪላንድ ከተማ ያወደመውን ያስታውስ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ጎርፉ ነው። ኤሊኮት ሲቲ፣ ሜሪላንድ፣ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2016 እና በሜይ 27 ቀን 2018፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ሁለት ጊዜ፣ በጥቂት ሰዓታት ዝናብ ዋና መንገዷ ወንዝ ሆኗል። የሮክ ክሪክ ዳርቻ መንገዶችና በአርሊንግተንና በአሌክሳንድሪያ መካከል የሚያልፈው ፎር ማይል ረን ዳርም በዶፍ ጊዜ ቶሎ ውኃ ይይዛቸዋል። በፍጥነት የሚወርድ 15 ሴንቲ ሜትር ውኃ ቆሞ ያለን ሰው ሊጥል ይችላል፤ 30 ሴንቲ ሜትር አብዛኞቹን ትንንሽ መኪናዎች፣ 60 ሴንቲ ሜትር ደግሞ ኤስዩቪና ፒክአፕን ጭምር ይወስዳል። ማታ የውኃው ጥልቀት ስለማይታይ ጂፒኤሱ በዚያ ቢመራዎትም ዞረው ይሂዱ።

መብራት ከጠፋ የማቀዝቀዣውን በር አይክፈቱ፤ ተዘግቶ ከቆየ ምግቡ ለአራት ሰዓት ያህል፣ የሞላ ፍሪዘር ደግሞ ለ48 ሰዓት ይጠብቃል። ከሰል በቤት ውስጥ፣ ለቡናም ቢሆን፣ አይቀጣጠል፤ ጭሱ ባይታይም መርዙ ይገድላል።

ሰባተኛ፦ ነፋሱ ከዞረ በኋላ

ዝናቡ ሲያባራ ሥራው ያለቀ ይመስላል፤ የመመሪያው ግማሽ ግን ገና ነው። በመጀመሪያው ምሽት ነፋሱ ራሱ ያቀዘቅዛል፤ ሰሜን ምዕራቡ በሰዓት 30 ወይም 40 ማይል ድረስ እየተንገዋለለ ሊነፍስና በነጎድጓዱ የተላቀቁ ቅርንጫፎችን ሊጥል ይችላል። መኪናዎን ከአሮጌ ዛፍ ሥር ያርቁ። ሁለተኛው ሌሊት ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ይከፋል፤ ነፋሱ ይቆማል፣ ሰማዩ ይጠራል፣ መሬቱ ቀን የያዘውን ሙቀት ወደ ሰማይ ይለቃል፣ ውርጭም ይወርዳል።

የውርጭ ማሳሰቢያ የሚወጣው ትንበያው ከ33 እስከ 36 ፋራናይት ሲሆን ነው፤ ውኃ በ32 የሚረጋ ሆኖ ሳለ ይህ እንዴት ይሆናል ለሚል፣ መለኪያው የሚቀመጠው ከመሬት ሁለት ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ስለሆነ ቅጠሉ ያለበት ቦታ ከዚያ ይበርዳል። በፖቶማክ ዳር ያለው የከተማው ክፍል ቀድሞ ከውርጭ ሲወጣ፣ በምዕራብ ያሉት የሎደንና የፍሬድሪክ አካባቢዎች ግን እስከ ኤፕሪል መጨረሻ፣ አንዳንዴም ከዚያ አልፎ ያዩታል። ጎመንና ጤና አዳም ይህን ይችሉታል። በሶብላ ግን ከ50 ፋራናይት በታች ሲሆን ቅጠሉ መጥቆር ይጀምራልና ማሰሮውን ወደ ቤት ያስገቡ፤ ቃሪያና ቲማቲምም እስከ ሜይ ሁለተኛ ሳምንት ድረስ መሬት ባይወርዱ ይመረጣል። የወረደውን ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት በአሮጌ አንሶላ ይሸፍኑት፤ ፕላስቲክ ቅጠሉን ከነካ የነካበትን ቦታ ያቃጥለዋል።

የአፓርታማ ተከራዮች ሌላ ችግር አለባቸው። በብዙ አሮጌ ሕንፃዎች ማሞቂያውና ማቀዝቀዣው በአንድ ቧንቧ ስለሚሠሩ አስተዳደሩ በፀደይ አንድ ቀን ከሙቅ ወደ ቀዝቃዛ ይለውጠዋል፤ ከተለወጠ በኋላ ብርድ ቢመጣ በቀላሉ ወደ ኋላ አይመለስም። የሚለወጥበትን ቀን አስቀድመው ጠይቀው ከትንበያው ጋር ያስተያዩት። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ካስፈለገም ከመጋረጃና ከአልጋ አንድ ሜትር ያርቁት፣ በኤክስቴንሽን ገመድም አይሰኩት፤ የምድጃ እሳት ለማሞቂያ አይሆንም።

ፋሲካ የሚውለው በእነዚሁ ሳምንታት ስለሆነ የሌሊቱን ቅዳሴ ማሰብ ተገቢ ነው። ሰው ቅዳሜ ማታ ሲገባ 60 የነበረው ሙቀት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሲወጣ 38 ሊሆን ይችላል፤ ነጠላ ብቻ ለብሰው የመጡ እናቶችና የተኙ ሕፃናት መኪና እስኪደርሱ ድረስ ቆፈኑ ይይዛቸዋል። በዚያ ሳምንት ነፋሱ የሚዞርበት ሰዓት ቅዳሜ ላይ ከወደቀ ጋቢውንና የልጆቹን ጃኬት ከሰዓት በኋላ፣ ገና ሙቀት ሳለ፣ መኪናው ውስጥ ያስቀምጡ።

ጠዋት ፀሐይ ቅጠሉን ማሞቅ ስትጀምር አንሶላውን ከአትክልቱ ላይ ያንሡ፤ ከዚያም ግራፉን እንደገና ይክፈቱ። ነፋሱ ተመልሶ ከደቡብ መንፈስ ሲጀምር፣ የጤዛ ነጥቡም ቀን በቀን ሲወጣ ከታየ ሌላ ነጎድጓድ መንገድ ላይ ነውና ጃኬቱን ወደ ሣጥን አይመልሱት።